የጸጋ ስጦታችንን እንዴት አውቀን እናገልግልበት? ጅማ ላላችሁ ወገኖች ደረጃ በደረጃ

ሰላም ቅዱሳን። "የኔ ጸጋ ምን ይሆን?" የሚለውን ጥያቄ በተለይ የካምፓስ ልጆች ሳያነሱት ውለው አያድሩም። ጸጋ የምለው እግዚአብሔር ሌላውን እንድናገለግልበት የሰጠንን ስጦታ ነው። ጥያቄው ጥሩ ነው፣ ግን አብዛኞቻችን መልሱን የምንጠብቀው ኮንፈረንስ ላይ አንድ እንግዳ አገልጋይ መጥቶ እጁን ጭኖ "አንተ እንዲህ ነህ" እስኪለን ነው፣ እስከዛ ወንበራችን ላይ ቁጭ ብለን መልእክት እንሰማለን አሜን እንላለን ወደ ቤት እንሄዳለን፣ እንዲህ እያልን ዲግሪውን ጨርሰን ከከተማው እንወጣለን። እኔ ጸጋ የሚታወቀው እየሰሩ ነው ብዬ ነው የማምነው፣ ስለዚ ከታች ያለው ሁሉ ከወንበር ስለመነሳት ነው። የምጽፈው ከወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት አሰራር ተነስቼ ነው፣ እናንተ ጋር የሚለይ ነገር ካለ የራሳችሁን መሪዎች ስሙ።

መጀመሪያ፦ ዝርዝሩን ራሳችሁ አንብቡት

ደብተርና እስክሪብቶ ያዙ። ስልክ ላይም ይነበባል ግን አንድ ምዕራፍ ሳያልቅ ቴሌግራም ይጠራችኋል፣ ወረቀት ይሻላል። የምታነቡት አራት ቦታ ነው፦ ሮሜ 12፥6-8፣ 1ኛ ቆሮንቶስ 12 ሙሉውን፣ ኤፌሶን 4፥11-16 እና 1ኛ ጴጥሮስ 4፥10-11። ያገኛችሁትን ስጦታ ሁሉ ከላይ ወደታች ጻፉት፣ ሳትመርጡ።

ሲያልቅ ወረቀቱን እዩት። እኛ ጸጋ ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለን መስበክ መዘመር መተንበይ ነው፣ ወረቀታችሁ ላይ ግን መስጠት አለ፣ ምሕረት ማድረግ አለ፣ መምከር አለ፣ ማስተዳደር አለ፣ 1ኛ ቆሮንቶስ 12፥28 ላይማ ሰውን መርዳት ከተአምራትና ከፈውስ ጋር አንድ ቁጥር ውስጥ ነው የተጻፈው። መዝሙር ደሞ ከአራቱ ዝርዝሮች አንዱም ላይ በስሙ የለም (ኳየሮች እንዳትቀየሙኝ፣ 1ኛ ቆሮንቶስ 14፥26 ላይ አለላችሁ)። ዝርዝሮቹ እርስ በርሳቸውም አይገጥሙም፣ አንዱ ጋር ያለው ሌላው ጋር የለም፣ ስለዚ "እኔ የምችለው ነገር እዚህ አልተጻፈም" ብላችሁ ቶሎ ራሳችሁን አታስወጡ። ዘጸአት 31 ላይ ባስልኤል የሚባል ሰው አለ፣ እግዚአብሔር መንፈሱን የሞላበት ወርቅና ብር ናስም እንዲሰራ፣ እንጨት እንዲቀርጽ ነው። ጅማ ደሞ በእንጨት ስራዋ የታወቀች ከተማ ናት፣ አናጺ ወንድም "እኔ ምንም ጸጋ የለኝም" ሲል ስሰማ የተቀመጠበትን አግዳሚ ማን እንደሰራው ልጠይቀው ይቃጣኛል።

የ1ኛ ቆሮንቶስን 13ኛ ምዕራፍ አትዝለሉት። ሰርግ ላይ ስለሚነበብ የባልና ሚስት ምዕራፍ መስሎን ቀረ፣ ጳውሎስ ግን በ12 እና በ14 መሃል ያስገባው በስጦታ ምክንያት አንዱ በአንዱ ላይ ሲኮራ ለነበረ ጉባኤ ነው።

ቀጥሎ፦ ምን እንደጎደለ እዩ

"ጸጋዬ ምንድነው" እያሉ ወደ ውስጥ ብቻ ማየት ያደክማል። ዞር ዞር በሉና "እዚህ ጋር ምን ጎድሏል?" በሉ። ሐዋርያት ሥራ 6 ላይ የሆነው ይሄው ነው፣ በየቀኑ በሚታደለው ምግብ የአንደኛው ወገን መበለቶች ተዘነጉ፣ ማጉረምረም ተነሳ፣ ማዕድ የሚያገለግሉ ሰባት ሰዎች ተመረጡ። ከሰባቱ አንዱ ፊልጶስ ነው፣ ምዕራፍ 8 ላይ ሰማርያ ወርዶ ሲሰብክ ታገኙታላችሁ፣ 21፥8 ላይ ደሞ "ወንጌላዊው" እየተባለ ይጠራል። የጀመረው ከምግብ እደላ ነው።

እኛ ከተማ ውስጥ ዓይን ያለው ሰው የሚያየውን ልጥቀስ። ሆስፒታል ውስጥ ጠያቂ የሌለው ታማሚና መንገድ የጠፋው አስታማሚ አለ። እሁድ አማርኛው ሲሰበክ የማይገባቸው፣ ወይም ኦሮምኛው ሲሰበክ የማይገባቸው ሰዎች አሉ። የመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎች ሻንጣቸውን ይዘው መናኸሪያ ሲወርዱ የሚቀበላቸው ዘመድ የላቸውም። የሕጻናት ክፍል ሁሌም አስተማሪ ያጥረዋል፣ ሁሌም። ደሞ ጅማ ዝናቧን ታውቁታላችሁ፣ ቆርቆሮ ላይ መውረድ ሲጀምር ሳውንዱን የሚያስተካክል ሰው ከሌለ ስብከቱ እዛው መድረኩ ላይ ነው የሚቀረው።

ከነዚህ አንዱን ብቻ ምረጡ። ሁለት ካላችሁ ያው የለመድነው ይመጣል፣ ኳየርም የጸሎት ቡድንም ሚዲያም ገብቶ ሦስቱም ጋር አርፍዶ መድረስ። ለመረጣችሁት ሦስት ወር ስጡት፣ ከዛ ያነሰ ምንም አያሳይም ምክንያቱም የመጀመሪያው ወር ወረት ነው፣ ሁለተኛው መሰልቸት ነው፣ እውነተኛው ነገር የሚታየው ከዛ በኋላ ነው። ስትጀምሩ ወቅቱን አስሉ፦ ከጥቅምት እስከ ታህሳስ ድረስ ቡና ለቀማ ስለሆነ ከዙሪያው የሚመጡ ምዕመናን ይሳሳሉ፣ ተማሪ ደሞ ፈተና ሲደርስና ለእረፍት ሲበተን አይገኝም፣ ስለዚ በነዚህ ጊዜ የተጀመረ አገልግሎት ገና ሳይቆም ይፈርሳል።

ከዛ መሪዎችን አናግሩ

እዚህ ጋር ብዙ ሰው ይበላሻል። "ጌታ ለዚህ አገልግሎት ጠርቶኛል" ብላችሁ አትግቡ። እውነት ሊሆን ይችላል፣ ግን እንደዛ ከተባለ ሽማግሌው ምን ይመልስ? እምቢ ቢል ከጌታ ጋር የተጣላ ይመስለዋል፣ እሺ ቢል ደሞ ሳያውቃችሁ ነው። እንዲህ ይሻላል፦ "ጋሼ፣ ከሆስፒታል ጥየቃ ቡድኑ ጋር ለሦስት ወር መርዳት ፈልጌ ነበር፣ ቅዳሜ ከሰዓት ነጻ ነኝ፣ ከማን ጋር ልሂድ?" በዚህ አነጋገር ቀኑም ይታወቃል ጊዜውም ይታወቃል፣ ዋናው ደሞ ከሰው ስር ሆናችሁ ልትሰሩ እንደፈለጋችሁ ይገባቸዋል።

"ትንሽ ቆይ" ካሏችሁ አትከፉ፣ "እስከዛ ምን ባደርግ ይሻላል?" በሉ። አንዳንዴ እውነት ለመናገር መልሱ ይረሳል፣ መሪዎቻችንም ብዙዎቹ ለደሞዝ የሚሰሩት ሌላ ቦታ ነው፣ እንደገና ሄዶ መጠየቅ ነውር የለውም። ወንበር ለመደርደርና አዳራሽ ለመጥረግ ግን የማንም ስብሰባ አያስፈልግም።

ለመሪዎችም አንድ ቃል፦ አዲስ ሰውን ባዶ ሜዳ ላይ አትልቀቁት፣ መድረክም ቶሎ አትስጡት። 1ኛ ጢሞቴዎስ 3፥10 ዲያቆናት አስቀድመው ይፈተኑ ይላል፣ 5፥22 ደሞ በማንም ላይ ፈጥነህ እጅህን አትጫን ይላል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

ስራው ላይ ስትገቡ

ምሕረት ማድረግ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ጅማ ላይ ሰፊው በር ይሄ ስለሆነ። ወደ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የሚመጣው የከተማው ሰው ብቻ አይደለም፣ ከከፋ ከዳውሮ ከሸካ ከኢሉባቦር ድረስ የሚመጣ አለ። ታማሚው አልጋ ይይዛል፣ አስታማሚው ግን ከተማውን አያውቅ፣ ዘመድ የለው፣ የያዘው ብር ቀን በገፋ ቁጥር እያለቀ ነው። የሚመጣው ጠያቂ ሁሉ ታማሚውን ነው እንዴት አደርክ የሚለው፣ ግድግዳ ተደግፎ የቆመውን ሰው "አንተስ ዛሬ በልተሃል?" የሚለው የለም። ስራችሁ እሱ ጋር ይጀምር።

ሁለት ሆናችሁ ሂዱ፣ ቢቻል አንድ ወንድ አንድ ሴት፣ አንዳችሁ ኦሮምኛ የምትችሉ ብትሆኑ ጥሩ ነው፣ ዳውሮኛ ወይ ከፍኛ የሚችል ካገኛችሁማ አትልቀቁት። የመጠየቂያ ሰዓቱን ጠይቃችሁ አክብሩ። ፔርሙስ ሙሉ ሻይ ወይ አጥሚት፣ ዳቦ፣ ሳሙና፣ ሶፍት፣ በቃ ይሄ ይበቃል። አንድ ነገር ጨምሩበት፣ ፓወር ባንክ፣ ስልኩ ቻርጅ ጨርሶ ለቤተሰቡ መደወል ያልቻለ አስታማሚ ሁሌ አይጠፋም፣ ከስብከትም ከሻይም በፊት እንባውን የሚያብሰው እሱ ነው። ለታማሚው ግን ነርሷን ሳትጠይቁ ምንም አታቅምሱ፣ ኦፕሬሽን የሚጠብቅ ሰው እንዳይበላ ተነግሮት ሊሆን ይችላል፣ ስኳር ያለበትም አለ፣ በፍቅር የተቀዳች አንዲት ስኒ ሻይ ተራውን ልታሳልፍበት ትችላለች። እጃችሁን ታጥባችሁ ግቡ ታጥባችሁ ውጡ፣ አልጋው ላይ አትቀመጡ።

መጀመሪያ ስሙንና አገሩን ጠይቁ። በሽታውን እሱ ራሱ ሲፈልግ ይነግራችኋል። "እንጸልይልህ?" ብላችሁ ፈቃድ ጠይቁ፣ እሺ ካለ አጭር ጸልዩ፣ በዝግታ፣ ክፍሉ ውስጥ ሌላም የተኛ አለ እኮ፣ ጸሎት ቤት ውስጥ የምንጮኸው ጩኸት እዚህ አይሆንም። ጎኑ ያሉት ሙስሊም አባት ከሆኑ ለሳቸውም ሻይ ቅዱላቸው፣ ከሻዩ ጋር ትራክት አታያይዙበት፣ ተነስቶ መሄድ ለማይችል ሰው ወረቀት እጁ ላይ ማስጨበጥ ደስ አይልም፣ ከጠየቃችሁ ያን ጊዜ ትነግሩታላችሁ። ደሞ እባካችሁ፣ "እምነት ቢኖርህ ትድን ነበር" ወይም "መድሃኒቱን ተወው" የሚል ቃል ከአፋችሁ አይውጣ። ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ ሆዱን ስለሚያመው የመከረው ጥቂት ወይን እንዲጠጣ ነው፣ አብሮት ይዞት የሚዞረው ሉቃስም ሐኪም ነበር።

ስትወጡ ለአስታማሚው ፋርማሲው የት እንደሆነ፣ ካርድ ክፍሉ የት እንደሆነ፣ ርካሽ ምግብ የት እንደሚገኝ አብራችሁት ሄዳችሁ አሳዩት። "እንመለሳለን" ካላችሁ ተመለሱ፣ ካልቻላችሁ አትበሉ። ያያችሁትን በሽታ ለጸሎት ርዕስ ብላችሁም ቢሆን ግሩፕ ላይ ከነስሙ አትጻፉ፣ ፎቶማ በፍጹም።

ማስተርጎም ደሞ ሌላው ነው። (ልሳን ስለመተርጎም አይደለም የማወራው፣ እሱ ከታች አለ፣ ይሄ ከአማርኛ ወደ ኦሮምኛ ወይ በተቃራኒው መድረክ ላይ ቆሞ ማስተርጎም ነው።) ሁለቱን ቋንቋ መናገር መቻል ብቻውን አይበቃም። ሰባኪውን ቅዳሜ ደውላችሁ የሚያነበውን ክፍል ጠይቁት፣ ጥቅሶቹን በሁለቱም መጽሐፍ ቅዱስ አንብባችሁ ወረቀት አስገቡበት። ጀማሪ አስተርጓሚ አብዛኛውን ጊዜ የሚደነግጠው የመጽሐፍ ስም ላይ ነው፣ መዝሙረ ዳዊት ፋርፋና ነው፣ ዘፍጥረት ኡማማ ነው፣ ምሳሌ ፋክኬኛ ነው፣ እነዚህን ሽምድድ አርጓቸው። ሰባኪውንም ከመውጣታችሁ በፊት "ጋሼ፣ አንድ አንድ ዓረፍተ ነገር ቢሉልኝ" በሉት፣ ምክንያቱም ሞቅ ሲለው ሦስት ደቂቃ ሙሉ ሳይተነፍስ ያወራና ዞሮ ያያችኋል። ቀልዱ ካልተተረጎመ ዝለሉት፣ ሰው እንዲስቅ ብላችሁ የራሳችሁን አትጨምሩ። ሰባኪው የሳተ ከመሰላችሁም እዛው ላይ አታርሙት፣ ያለውን አስተርጉሙና በኋላ ለብቻው ንገሩት። ሐዋርያት ሥራ 18 ላይ ጵርስቅላና አቂላ አጵሎስን እንደዛ ነው ያረጉት፣ ወደ ራሳቸው ወስደው የእግዚአብሔርን መንገድ በትክክል አስረዱት፣ ሰውየው አላፈረም አገልግሎቱም አልቆመም።

ለማስተማር ጸጋ ያላችሁ ከመሰላችሁ ከሕጻናት ክፍል ጀምሩ። ሃያ ደቂቃ፣ አንድ ሃሳብ፣ ሲያልቅ አንዱን ልጅ "እስቲ መልሰህ ንገረኝ" በሉት። የነገራችሁን ሳይሆን ሌላ ነገር ከነገራችሁ ችግሩ ልጁ ጋር አይደለም። ሕጻን አዛግቶ አይዋሽም፣ ትልቅ ሰው ግን ተኝቶም አሜን ይላል።

መስጠት ላይ ብዙ አልልም፣ ሮሜ 12፥8 በልግስና ይላል፣ ማቴዎስ 6 ደሞ ቀኝህ የምትሰራውን ግራህ አትወቅ ይላል፣ ለተማሪው የቤት መሄጃ ትራንስፖርት በቴሌብር ላኩለትና ዝም በሉ። ብዙ የምትሰጡ ከሆነ ግን በቤተ ክርስቲያን ገንዘብ ያዥ በኩል አድርጉት፣ አንድ ሰው እናንተን ብቻ እያየ እንዳይኖር። የምዕመናን ገንዘብ የምትቆጥሩ ሁሉ ደሞ ሁሌም ሁለት ሆናችሁ ቁጠሩ፣ ተፈራረሙ፣ ይሄ አለመተማመን ሳይሆን ለናንተው መጠበቂያ ነው።

ማስተዳደር የሚባለው ስጦታ ያላቸው ሰዎች ራሳቸው አያውቁትም፣ "እኔ እኮ ዝም ብዬ ዝርክርክ ነገር ስለማልወድ ነው" ነው የሚሉት። ቡድኑ ውስጥ ማን መቼ እንደሚሄድ ሳይነገረው የሚያስታውስ፣ የጠፋውን ሰው ደውሎ የሚፈልግ፣ እድር ውስጥ ጸሐፊ ሁን ተብሎ የሚለመን ሰው ካለ እሱን ያዙት። ዘጸአት 18 ላይ ዮቶር አማቹ ሙሴ ከጠዋት እስከ ማታ ሲዳኝ አይቶ የሺህ የመቶ የሃምሳና የአስር አለቆች ሹም ያለው ይሄንን ነው፣ ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም ለሃምሳ ሰው ጌጥ እንደሚባለው። የተራ ሰሌዳ አውጡ፣ ለሁለት ወር የሚሆን፣ ቴሌግራም ግሩፑ ላይ ፒን አርጉት፣ ደሞም አትሙና በር ላይ ለጥፉት ምክንያቱም ስማርት ስልክ የሌላቸው እናቶች አሉ፣ ብዙ ጊዜ ቀድመው የሚመጡት ደሞ እነሱ ናቸው።

መምከርና ማበረታታት አገልግሎት መስሎ ስለማይታይ ይረሳል። ሳውል (በኋላ ጳውሎስ የተባለው) ኢየሩሳሌም ሲመጣ ደቀ መዛሙርቱ ሁሉ ፈርተውት ነበር፣ ይዞት ወደ ሐዋርያት የገባው በርናባስ ነው፣ በኋላም ጠርሴስ ድረስ ሄዶ ፈልጎ አንጾኪያ ያመጣው እሱው ነው። ከፌሎሺፕ (ከክርስቲያን ተማሪዎች ኅብረት) የጠፋ ልጅ ካለ ኪቶ ፉርዲሳ ካምፓስ ድረስ ባጃጅ ይዛችሁ ሂዱና አብራችሁት ምሳ ብሉ፣ "ለምን ጠፋህ" አትበሉት፣ በሉና ተመለሱ።

ሦስት ወር ሲሞላ ሰው ጠይቁ

ራሳችሁን ብቻ አትመኑ፣ ራስን መናቅም ራስን ማግነንም ያሳስታል። አብረዋችሁ ከሰሩት አንድ፣ ካገለገላችሁት አንድ፣ ከመሪዎች አንድ ሰው ምረጡና ሦስት ነገር ጠይቁ፦ እኔ ስሰራ ሰው የተጠቀመው የቱ ጋር ነው? የቱ ጋር ነው የምጨነቀው ወይ የማስጨንቀው? እኔ ባልኖር ምን ይጎድል ነበር? የመጨረሻውን ሲመልሱ ዝም ብላችሁ ስሙ። "ምንም አይጎድልም" ካሏችሁ ሌላ ቦታ ሞክሩ፣ አገልግሎቱም ጤነኛ ነው እናንተም ነጻ ናችሁ። ቅርብ ጓደኛን አትጠይቁ፣ ሁሉም ነገር "በጣም አሪፍ ነው" ነው የሚላችሁ።

በዚህ ነገር ላይ ከዚሁ ከኛ አካባቢ የተነሳች አንዲት ሴት ሁሌ ትዝ ትለኛለች፣ አስቴር ጋኖ። የሊሙ እናርያ ንጉሥ ባሪያ አድርጓት፣ ወደ ዓረብ አገር ልትሸጥ በባህር ስትወሰድ እ.ኤ.አ. በ1886 የጣልያን መርከቦች አስጥለዋት ኤርትራ ምኩሉ የሚገኘው የስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ገባች። እዛ ኦነሲሞስ ነሲብ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ እየተረጎሙ ነበር፣ እሳቸውም በልጅነታቸው ተሸጠው ከአገራቸው የወጡ ስለሆነ የራሳቸው ኦሮምኛ እንደማይበቃቸው ያውቁ ነበር። የዚችን ልጅ የቋንቋ ችሎታ አዩና የቃላት መዝገብ እንድታዘጋጅ ስራው ተሰጣት፣ ከዛም አልፋ ተረቱን እንቆቅልሹን ምሳሌያዊ አነጋገሩን ዘፈኑን እየጻፈች ሰበሰበች። ሙሉው የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ እ.ኤ.አ. በ1899 ታተመ። ስጦታዋን ያየው አጠገቧ ይሰራ የነበረ ሰው ነው፣ አይቶም ዝም አላለም፣ ስራ ሰጣት። እናንተም አጠገባችሁ ያለውን ሰው እንደዛ እዩት፣ "ይሄን ነገር ስትሰራ ሰው ይጠቀማል" ብላችሁ በግልጽ ንገሩት፣ አንዳንዱ ሰው ይሄን ቃል በዕድሜው ሙሉ ሰምቶት አያውቅም።

ትንቢት፣ ልሳን፣ ፈውስ

ይሄን ለብቻው ያረኩት ጥፋት ሲፈጠር ቶሎ ሰው ስለሚጎዳበት ነው። ትንቢትን አትናቁ፣ ሁሉን ፈትኑ፣ መልካሙን ያዙ፣ 1ኛ ተሰሎንቄ 5 ሦስቱንም አንድ ላይ ነው የሚላቸው፣ እኛ ግን ግማሻችን የመጀመሪያውን ብቻ ግማሻችን ሁለተኛውን ብቻ ይዘናል።

ልባችሁ ውስጥ ቃል አለኝ ብላችሁ ካሰባችሁ መጀመሪያ ጻፉት። ከዛ በ1ኛ ቆሮንቶስ 14፥3 ለኩት፣ ያንጻል? ይመክራል? ያጽናናል? ሰው ፊት ከማለታችሁ በፊት ለአንድ የበሰለ ሽማግሌ አሳዩት፣ 14፥29 ሌሎቹ ይለዩ ስለሚል እሳቸው ቢይዙት አትቀየሙ። ስታቀርቡትም "ጌታ እንዲህ ይላል" ከማለት "እንዲህ መሰለኝ፣ እናንተ መዝኑት" ማለት ይሻላል፣ እውነት ከሆነ በዚህ ምክንያት አይጠፋም። ማግባትን፣ መፋታትን፣ ስራ መልቀቅን፣ መድሃኒት ማቆምን፣ ሞትን የሚመለከት ቃል በስልክም በኢንቦክስም ለማንም አትላኩ። እናንተም ከማታውቁት ሰው "የተደበቀ ነገር አይቼልሃለሁ፣ ይሄን ያህል ብር አስገባ" የሚል ከመጣላችሁ ብሎክ አርጉትና ለመሪ ንገሩ፣ የነቢዩ ኤልሳዕ ሎሌ ግያዝ ከንዕማን ሁለት መክሊት ብርና ሁለት መለወጫ ልብስ ተቀብሎ ምን ይዞ እንደወጣ (ለምጽ ነው) 2ኛ ነገሥት 5 ላይ አለ።

ልሳን ላይ ሥርዓቱ 1ኛ ቆሮንቶስ 14፥27-28 ላይ ቁልጭ ብሎ ተጽፏል፣ በጉባኤ ሁለት ቢበዛ ሦስት፣ በተራ፣ አንዱ ይተርጉም፣ የሚተረጉም ከሌለ ለራሱና ለእግዚአብሔር ይናገር። ለታመመ ስትጸልዩ ደሞ ያዕቆብ 5፥14 እንዳለው ሽማግሌዎችን ጥሩ፣ አስገድዳችሁ አትግፉ አትጣሉ፣ "ዳንኩ" ያለውን ሰው ምስክርነት ከማሰማታችሁ በፊት ሐኪም ይየው።

ሲደክማችሁና ስትለቁ

የድካም ምልክቱ መቅረት አይደለም፣ እየመጣችሁ ግን ሰው ሲያስጠላችሁ ነው። ያኔ ለአስተባባሪው ነግራችሁ አንድ ወር እረፉ፣ እሁድ መጥታችሁ ተቀመጡ ስሙ ዘምሩ። ቤት ያለች እናት ታማ የሰው አስታማሚ ማገልገልም አይሆንም፣ 1ኛ ጢሞቴዎስ 5፥8 ለቤተሰቡ የማያስብ ብሎ የሚናገረው ከባድ ነው።

ከመልቀቃችሁ በፊት ቢያንስ አንድ ሰው አሰልጥኑ። አሰራሩ ቀላል ነው፦ መጀመሪያ እናንተ ስትሰሩ ይይ፣ ቀጥሎ አብራችሁ ስሩ፣ ከዛ እሱ ሲሰራ እዩ፣ በመጨረሻ ጥሉለት። የስልክ ቁጥሮቹን፣ የቁልፉን ቦታ፣ የሳውንዱን ገመድ የቱ የቱ ጋር እንደሚሰካ ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ስጡት፣ ጅማ ውስጥ ተማሪው ይመረቃል ሰራተኛው ይዘዋወራል፣ ስንቱ አገልግሎት የቆመው አንድ ልጅ ተመርቆ የፕሮጀክተሩን ፓስወርድ ይዞ ስለሄደ ነው።

እናንተም ወደምትሄዱበት አገር ከቤተ ክርስቲያን የመሸኛ ደብዳቤ ይዛችሁ ሂዱ፣ አባል ነበር የሚል ብቻ ሳይሆን ምን ላይ እንዳገለገላችሁና ለምን ያህል ጊዜ እንደሆነ እንዲጠቀስበት ጠይቁ፣ እዛ ስትደርሱ ከዜሮ አትጀምሩም፣ የሚቀበሏችሁም ምን ላይ እንደሚመድቧችሁ አይቸገሩም። ክሊራንስ በምትጨርሱበት ሳምንት ሮጣችሁ አትሂዱ ብቻ፣ ሁሉም ተመራቂ በዛው ሳምንት ስለሚመጣ ጸሐፊው ይጨናነቃል፣ ወር ሲቀረው ጠይቁ።